የድረ ገጽ መቆጣጠሪያ ሰሌዳና የቁልፍ አደራ፦ ከደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ የቀረበ ታሪካዊ ቅኝት

መግቢያ

ከመካነ ሰላም በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ የበሽሎን ወንዝ ወደ ሰሜን አድርጎ የቆመው መቅደላ አምባ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያ አምባ ላይ ለመድኃኔ ዓለም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ለማሠራት አስበው ከየአድባራቱ ያሰባሰቧቸው ወደ 1,000 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት በአንድ ቦታ ተከማችተው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር አምባውን በረበረ፤ የተገኘውም ንብረት በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ በሽሎን ተሻገረና በደላንታ ሜዳ ላይ ሚያዝያ 13 እና 14 ቀን በጨረታ ተሸጠ። ከመጻሕፍቱ 350 ያህሉ ለብሪቲሽ ሙዚየም ደረሱ። ዛሬ የሚገኙት በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው።

በዚህ የሙያ መጽሔት ላይ ስለ ድረ ገጽ አስተዳደር እንድንጽፍ በተጠየቅን ጊዜ ከዚህ ታሪክ መነሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። መጽሐፍን መሰብሰብ አንድ ነገር ነው፤ የተሰበሰበበትን ቤት ቁልፍ ማን እንደያዘ ማወቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ዛሬ በደጋው ያሉ መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ማኅበራት ጽሑፋቸውን፣ ማስታወቂያቸውንና ሥዕላቸውን የሚያከማቹበት ቤት በብራና የተሞላ ዕቃ ቤት መሆኑ ቀርቶ ከባሕር ማዶ በቆመ ሰርቨር ውስጥ የተከራዩት ጥቂት ስፍራ ሆኗል። የዚህም ቤት በር መክፈቻ የድረ ገጽ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ፣ በተለመደው አጠራር ኮንትሮል ፓነል፣ ይባላል።

በብዙ አድባራት ዕቃ ቤት ሲከፈት አንድ ሰው ብቻውን አይገባም። ቁልፉ ከአንድ በላይ በሆኑ ሰዎች እጅ ይቀመጣል፤ ቄሰ ገበዙ ሲለወጥም ንዋየ ቅድሳቱ እየተቈጠረ በመዝገብ ርክክብ ይደረጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ከየት እንደ መጣና ምን እንደሚያሠራ በአጭሩ ካስረዳ በኋላ፣ አባቶቻችን ለዕቃ ቤት ያወጡት ሥርዓት ለድረ ገጽም እንደሚያስፈልግ ለሙያ ባልደረቦቻችን ማሳሰብ ነው።

የመገናኛው መስመር አመጣጥ

እንደሚታወቀው ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 የተጀመረው የአዲስ አበባና የሐረር መስመር 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። ከ1902 እስከ 1904 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጣሊያኖች ከአስመራ ወደ አዲስ አበባ የዘረጉት የቴሌግራፍ ሽቦ የወሎን ምድር አቋርጦ አለፈ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የወሎ ሰው ወሬ በሽቦ እንደሚሄድ ያውቃል። ነገር ግን ሽቦው በምሥራቁ በኩል፣ የነጋዴውንና የጦሩን መንገድ ተከትሎ ያልፍ ስለ ነበር፣ ወደ ዓባይ በረሃ የሚያዘቀዝቀው የምዕራቡ ደጋ ከመስመሩ ርቆ ቆየ።

የኮምፒዩተር መልእክት ልውውጥ በአገራችን የተጀመረው ኢንተርኔት በይፋ ከመግባቱ በፊት ነው። በአዲስ አበባ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ የተባለው የመረጃ ድርጅት፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ ፊዶኔት በሚባለው ዘዴ መልእክት ያስተላልፍ ነበር። መልእክቱ ቀን ተጠራቅሞ በስልክ መስመር ወደ ውጭ ይላካል፤ የመጣውም በዚያው መንገድ ይወርዳል። በ1995 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኢንተርኔትን ወደ ኢትዮጵያ ለማስገባት የሚጥሩ ባለሙያዎች ተሰባስበው ባይት በሚል ስም ኮሚቴ አቋቋሙ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የኢትዮጵያ መለያ የሆነው ዶት ኢቲ በዓለም አቀፍ መዝገብ ላይ ሰፈረ። በመጨረሻም በጥር ወር 1989 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን አማካይነት የኢንተርኔት አገልግሎት ለሕዝብ ተከፈተ።

በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ድረ ገጽ ያለው መሥሪያ ቤት በጣት የሚቈጠር ነበር። ገጹን ያዘጋጀው ሰው ብዙውን ጊዜ በውጭ አገር የሚኖር ወንድም ወይም የቀድሞ ባልደረባ ይሆናል። ሰርቨሩም በውጭ አገር ነው። ይህ ልማድ በኋላ ላስከተለው ችግር መነሻ ስለ ሆነ አንባቢ እንዲያስታውሰው እንጠይቃለን።

ከሰሌዳው በፊት የነበረው አሠራር

ድረ ገጽ ማለት በአንድ ሰርቨር ላይ የተቀመጡ የፋይሎች ስብስብ ማለት ነው። ጠያቂ ሲመጣ ፋይሉን አንሥቶ የሚሰጥ አፓቼን የመሰለ ፕሮግራም፣ ጽሑፉ የሚከማችበት እንደ ማይኤስኪውኤል ያለ የመረጃ ቋት፣ ሁለቱን የሚያገናኝ እንደ ፒኤችፒ ያለ ቋንቋ ያስፈልጉታል። የሚያስደንቀው ነገር ሦስቱም ለዓለም የቀረቡት በአንድ ዓመት፣ በ1995 እ.ኤ.አ. መሆኑ ነው።

እነዚህን ሁሉ የሚያስተዳድር ሰው በጥቁር መስኮት ፊት ተቀምጦ ትእዛዝ በእጁ መጻፍ ነበረበት። አንድ የኢሜይል ሳጥን ለመክፈት፣ አንድ ፋይል ማን ሊያነብበው ማንስ ሊለውጠው እንደሚችል ለመወሰን፣ 644 እና 755 የመሳሰሉትን የፈቃድ ቁጥሮች በቃሉ ማወቅ ይገባዋል። አንዲት ፊደል ከተሳሳተ ሙሉ ማኅደር ሊጠፋ ይችላል። በስልክ መስመር ለሚሠራ የኢትዮጵያ ባለሙያ ደግሞ ችግሩ እጥፍ ነበር፤ ፋይሉን በማስተካከል ላይ ሳለ መስመሩ ይቋረጥና ሥራው ከግማሽ ይቀራል። ከዚህም በላይ በቴልኔትና በኤፍቲፒ የሚላከው የይለፍ ቃል ያለ ምንም መሸፈኛ በግልጽ ይጓዝ ነበር። ይህን ጉድለት ለማረም በ1995 እ.ኤ.አ. በፊንላንድ የተዘጋጀው ኤስኤስኤች የተባለው ዘዴ በየአገሩ ልማድ እስኪሆን ድረስ ብዙ ዓመት ፈጅቷል።

በዚህ ምክንያት ድረ ገጽ የጥቂት አዋቂዎች ንብረት ሆነ። ባለቤቱ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ቢሆንም፣ በተግባር የሚያዝዝበት ግን ትእዛዙን መጻፍ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

የሰሌዳው መወለድ

ሲፓነል የተባለው ዛሬ በሰፊው የሚታወቀው ሰሌዳ በመጋቢት 1996 እ.ኤ.አ. ተወለደ። ጆን ኒክ ኮስተን ገና ወጣት ሳለ ስፒድ ሆስቲንግ ለተባለ አስተናጋጅ ድርጅት የሠራው ነበር። ድርጅቱ ከቆይታ በኋላ ሲጠፋ ሰሌዳው ግን ተረፈ፤ ራሱን ችሎ እያደገም ሄደ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ደንበኛው በየጊዜው ለባለሙያው እየደወለ «ኢሜይል ክፈትልኝ፤ የይለፍ ቃሌን ለውጥልኝ» ከሚል፣ በሥዕልና በቁልፍ የተሞላ ገጽ ይሰጠውና ራሱ ያድርገው የሚል ነው።

በሚቀጥለው ዓመት በ1997 እ.ኤ.አ. ጄሚ ካሜሮን ዌብሚን የተባለውን በነፃ የሚገኝ ሰሌዳ አወጣ። በ1998 እ.ኤ.አ. የመረጃ ቋትን በገጽ ላይ ለማስተዳደር የሚያስችለው ፒኤችፒማይአድሚን ተከተለ። በ2000 እ.ኤ.አ. አካባቢ በሩሲያዋ ኖቮሲቢርስክ ከተማ ፕሌስክ ተጀመረ፤ በ2003 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከካናዳ ዳይሬክትአድሚን መጣ። በዚያው በ2003 ዎርድፕሬስ የተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ሥርዓት ስለ ቀረበ፣ ሰሌዳውና ዎርድፕሬሱ ተጋግዘው የድረ ገጽን ሥራ ከጥቂት አዋቂዎች እጅ አወጡት። አንድ መምህር ወይም አንድ የጽሕፈት ሥራ ሠራተኛ በጥቂት ቀን ልምምድ ገጽ መክፈትና ማስተዳደር ቻለ።

ሰሌዳው ምን ያሠራል?

የሆስቲንግን አሠራር በአንድ ትልቅ ግቢ መመሰል ይቻላል። የግቢው ባለቤት ሰርቨሩን የያዘው ነው። ከእርሱ ብዙ ክፍል ተከራይቶ መልሶ የሚያከራይ ነጋዴ አለ። በመጨረሻ አንድ ክፍል የተከራየው ደንበኛ ይመጣል። በሲፓነል አሠራር ደንበኛው የራሱን ክፍል ብቻ የሚያይበት ሰሌዳ አለው፤ አከራዩና የግቢው ባለቤት ግን ደብሊውኤችኤም በተባለ ሌላ በር ይገባሉ። የመጀመሪያው በ2083፣ ሁለተኛው በ2087 የመግቢያ ቁጥር ይታወቃሉ። ደንበኛው በክፍሉ ውስጥ የቱንም ያህል ጠንቃቃ ቢሆን፣ በደብሊውኤችኤም በር የሚገባው ሰው ክፍሉን ሊከፍተው፣ ሊዘጋው፣ ሊያጠፋውም ይችላል።

ደንበኛው በሰሌዳው ላይ ፋይሎቹን ያያል፤ ኢሜይል ይከፍታል፤ የመረጃ ቋት ይፈጥራል፤ የዶሜይን ስሙ ወደ የትኛው ሰርቨር እንደሚያመራ ይወስናል፤ ስንት ቦታ እንደያዘና ስንት እንደ ቀረው ይመለከታል። በየሌሊቱ በተወሰነ ሰዓት የሚፈጸም ሥራም ያዝዛል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የመጠባበቂያ ቅጂ ነው። በዚህ ላይ ብዙ ባልደረቦች ሳያውቁ የሚያልፉት አንድ ቁም ነገር አለ። ደንበኛው የሙሉ ክፍሉን ቅጂ ከሲፓነል ማውረድ ይችላል፤ ያንኑ ሙሉ ቅጂ መልሶ የሚዘረጋው ግን በላይኛው በር የሚገባው አስተናጋጅ ነው። በመሆኑም ፋይሎቹን፣ የመረጃ ቋቱንና ኢሜይሉን ለየብቻ አውርዶ ማስቀመጥ የራስን ዕቃ በራስ እጅ እንደ መያዝ ይቈጠራል።

በአንባቢና በድረ ገጽ መካከል ያለውን ንግግር የሚሸፍነው የምስክር ወረቀትም የሰሌዳው ሥራ ነው። ቀድሞ ይህ ወረቀት በየዓመቱ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነበር። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት ከ2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በነፃ መስጠት ሲጀምር፣ ሰሌዳዎቹም ወረቀቱን ራሳቸው እንዲያድሱ ተደረገ። ይህ ለድኻ አገር መሥሪያ ቤቶች የተደረገ ትልቅ ውለታ መሆኑን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ወረቀቱ ለ90 ቀን ብቻ የሚያገለግል ስለ ነበር፣ ራሱን የሚያድስበት ሥርዓት ከተበላሸ ገጹ በሦስት ወር ውስጥ «አደገኛ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ለአንባቢው ያሳያል።

የግእዝ ፊደልና ሰሌዳው

የአማርኛ ድረ ገጽ ታሪክ ሲነሣ የፊደላችን ጉዳይ ሳይጠቀስ አይታለፍም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. እያንዳንዱ የአማርኛ ጽሕፈት ፕሮግራም ለፊደሎቻችን የራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ይሆናል። ስለዚህ ብዙዎች ጽሑፋቸውን እንደ ፎቶግራፍ አድርገው ገጹ ላይ ይለጥፉ ነበር፤ ይህ ግን ለመፈለግም ሆነ ለመገልበጥ አይመችም። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የዩኒኮድ 3.0 ደንብ የግእዝ ፊደልን ሲያካትት ለዚህ ሁሉ ውጥንቅጥ አንድ መሠረት ተገኘለት።

ይሁንና ደንቡ መውጣቱ ብቻውን አልበቃም። ማይኤስኪውኤል እስከ 5.7 ድረስ በነበሩት እትሞቹ፣ ካልታዘዘ በቀር አዲስ የመረጃ ቋት የሚፈጥረው በላቲን ፊደል ሥርዓት ነበር። በሰሌዳው ላይ ቁልፉን ተጭኖ ቋት የፈጠረ ጀማሪ፣ «ሰላም» ብሎ የጻፈው ቃል ተመልሶ ሲመጣ ሦስት የጥያቄ ምልክት ሆኖ ያገኘዋል። የከፋው ደግሞ ጥፋቱ የማይመለስ መሆኑ ነው፤ በቋቱ ውስጥ የተቀመጠው ራሱ የጥያቄ ምልክቱ ነውና። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው 8.0 እትም ይህን ልማድ አስተካክሏል። በአሮጌ ሰርቨር ላይ የቆየ ገጽ ያለው ባልደረባ ግን ዛሬም ቢሆን መመርመር አለበት።

በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። በገጽ አድራሻ ላይ ሲሰፍር ደግሞ አንዱ ፊደል ወደ ዘጠኝ ምልክት ይዘረዘራል። አምስት ፊደል ያለው የአማርኛ የፋይል ስም አርባ አምስት ምልክት ይሆናል ማለት ነው። የመጠባበቂያ ቅጂ ሲወርድና ሲዘረጋ የአማርኛ ስም ያላቸው ፋይሎች ስማቸው ሊበላሽ የሚችልበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ ጽሑፉን በአማርኛ፣ የፋይሉን ስም ግን በላቲን ፊደልና በቁጥር ማድረግ ጥንቃቄ እንጂ ባህልን መናቅ አይደለም።

በምዕራቡ ደጋ

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል የሚመጣው መንገድ ብርዳሙን የወሎ ደጋ አቋርጦ ይደርስባታል፤ ከእርሷ ወደ ምዕራብ መሬቱ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ከማዶው ጎጃም ይታያል። ሳይንት፣ ወግዲ፣ ከላላና ለጋምቦ በዙሪያዋ ያሉ ጎረቤቶች ናቸው። በዚህ አገር ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በሸለቆ ብዛትም ነው።

መንግሥት ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ የዘረጋው ወረዳኔት ወረዳዎችን በሳተላይት ከማዕከል ጋር ለማገናኘት የታቀደ ነበር። ሽቦ የማይደርስበትን ሸለቆ በሰማይ በኩል ለመሻገር የተደረገ ሙከራ ስለ ሆነ በታሪክ ዓይን ሲታይ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን በአመዛኙ የተሠራበት ለስብሰባና ለመልእክት ነበር። የራስን ገጽ በራስ የማስተዳደር ፍላጎት በደጋው እየጎላ የመጣው ከፍተኛ ትምህርት ሲቃረብ ነው። በ2010 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢውን በቱሉ አውሊያ፣ ሌላውን ግቢ በመካነ ሰላም አድርጎ ተደራጀ፤ ኤምኬኤዩ ዶት ኢዱ ዶት ኢቲ በሚል አድራሻም በኢንተርኔት ላይ ታወቀ። መጻሕፍት ተጭነው የወጡበት አምባ ስም፣ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በድረ ገጽ አድራሻ ሆኖ ተመለሰ ማለት ነው።

የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ለእንዲህ ያለ አገር የሚሰጠው ጥቅም ግልጽ ነው። በሁለት ግቢ መካከል ሰው መላክ ሳያስፈልግ፣ አንዱ ሠራተኛ በአንዱ ግቢ፣ ሌላው በሌላው ሆነው በአንድ ገጽ ላይ ሊሠሩ ይችላሉ። ሰሌዳው የሚፈልገው ጥቂት የመስመር ኃይል ብቻ ስለ ሆነ፣ በደከመ የሞባይል መስመርም ቢሆን ኢሜይል መክፈትና ማስታወቂያ መለጠፍ ይቻላል።

ጉዳቱ የሚታየው መስመሩ ጨርሶ ሲቋረጥ ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ፣ ኋላም በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተዘጋ ጊዜ፣ የደጋው ባለሙያ ከገጹ ተለየ። ገጹ ግን በሌላ አገር ሰርቨር ላይ ስለ ነበር ለቀረው ዓለም እየታየ ቀጠለ። ይህ ሁኔታ አንድ ትምህርት ይሰጠናል። ባለቤቱ በሌለበት ሰሌዳው ብቻውን የሚሠራቸው ሥራዎች አሉ፤ የምስክር ወረቀት ያድሳል፤ የሌሊቱን ቅጂ ያነሣል። ሰው ካልነካው የማይሠሩ ደግሞ አሉ፤ የዶሜይንና የሆስቲንግ ክፍያ ካልተከፈለ ገጹ ይዘጋል፤ ዎርድፕሬሱ ካልታደሰ ለሌባ ቀዳዳ ይከፍታል። ከመጠባበቂያ ቅጂውም አንዱ በአገር ውስጥ በዲስክ ካልተቀመጠ፣ መስመሩ በተዘጋበት ወራት መሥሪያ ቤቱ የራሱን ጽሑፍ ራሱ ማንበብ አይችልም። ከዚህ የተነሣ በደጋ ያለ መሥሪያ ቤት ክፍያውን በየወሩ ሳይሆን ለረጅም ጊዜ አስቀድሞ መክፈል፣ ሁለተኛውንም ቁልፍ ያዥ ከደጋው ውጭ፣ በደሴ ወይም በአዲስ አበባ፣ ማስቀመጥ ይኖርበታል።

የቁልፉ ነገር

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንመለስ። ይህ ጸሐፊ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያጋጠመውን ያስታውሳል። የመሥሪያ ቤቱ ገጽ አንድ ቀን ጠዋት «አገልግሎቱ ተቋርጧል» የሚል ጽሑፍ አሳየ። ሲጣራ፣ ሆስቲንጉ የተመዘገበው ከሁለት ዓመት በፊት ተዛውሮ በሄደ ባልደረባ የግል ኢሜይል ነበር። የክፍያ ማስታወሻው በተደጋጋሚ የተላከው ለእርሱ ነው። ባልደረባው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያንን ኢሜይል መክፈት ከተወ ቆይቷል። አስተናጋጁ ድርጅት «የገጹ ባለቤት መሆናችሁን አስረዱ» አለ። መሥሪያ ቤቱ ማኅተም አለው፤ ደብዳቤ አለው፤ በመዝገቡ ላይ ግን ስሙ የለም። ከብዙ ሳምንት ምልልስ በኋላ ዶሜይኑ ተመለሰ፤ ከጽሑፎቹ የተገኙት ግን አንድ ጸሐፊ በፍላሽ ዲስክ ያስቀመጠቻቸው ብቻ ናቸው። የሦስት ዓመት ዜና፣ የሦስት ዓመት ፎቶግራፍ፣ በሞት የተለዩ ሽማግሌዎች የሰጡት ቃለ መጠይቅ ጭምር ጠፍቶ ቀረ።

ይህ የአንድ መሥሪያ ቤት ጉድለት ቢሆን ባልጻፍነው ነበር። መነሻው ግን አጠቃላይ ነው። የውጭ ምንዛሪ በቀላሉ በማይገኝበት ዘመን ለውጭ አስተናጋጅ የሚከፍለው በዋሽንግተን ወይም በሌላ ከተማ የሚኖር ዘመድ በራሱ ካርድ ነበር። ስለዚህ ሰርቨሩ በዘመዱ ስም፣ ኢሜይሉ በዘመዱ ስም፣ ካርዱም በዘመዱ ስም ሆነ። ውለታው የሚመሰገን ነው። ዘመዱ ሲታመም፣ ሥራ ሲለውጥ ወይም ካርዱ ሲያልቅበት ግን የመሥሪያ ቤቱ ቤት ባለቤት አልባ ይሆናል።

የዓለም ገበያም ከእጃችን ውጭ ነው። ሲፓነልን በ2018 እ.ኤ.አ. የገዙት ባለሀብቶች በሰኔ 2019 እ.ኤ.አ. ዋጋውን በሰርቨር መቈጠሩ ቀርቶ በደንበኛ ብዛት እንዲሆን ሲያደርጉ፣ በአንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ትናንሽ ደንበኞችን አሰባስበው የሚኖሩ አከራዮች በየአገሩ ተቃወሙ። ብዙዎቹ በነፃ ወደሚገኙ ሰሌዳዎች ተዛወሩ። ነፃ መሆን ግን ጥበቃ አያሳጣም ማለት አይደለም። በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ሳይበርፓነል በተባለው ነፃ ሰሌዳ ላይ በተገኘ ቀዳዳ ሌቦች ገብተው፣ ለኢንተርኔት ተጋልጠው ከነበሩት ወደ 22,000 የሚጠጉ ሰሌዳዎች ብዙዎቹን ፋይላቸውን ቈልፈው ቤዛ ጠየቁባቸው። ስለዚህ ጥያቄው የትኛው ሰሌዳ ይሻላል የሚል ብቻ ሊሆን አይገባም። የትኛውም ቢሆን፣ ቁልፉን ማን ይዞታል? ማንስ ተረክቦታል? የሚለው መቅደም አለበት።

እንግዲህ ከአድባራቱ ሥርዓት በመነሣት የሚከተለውን ለባልደረቦቻችን እናቀርባለን። ዶሜይኑም ሆስቲንጉም በመሥሪያ ቤቱ ስም ይመዝገብ፤ የሚጻፈውም ኢሜይል የሥራ መደብ እንጂ የሰው መሆን የለበትም፤ ያም ኢሜይል ከዚያው ሰርቨር ውጭ ይሁን፤ ሰርቨሩ ሲዘጋ ማስጠንቀቂያው አብሮ እንዳይዘጋ ነው። ቁልፉን ቢያንስ ሁለት ሰዎች ይያዙ፤ የይለፍ ቃሉም በታሸገ ፖስታ በመዝገብ ቤት ካዝና ይቀመጥ። ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚሰጠው የስልክ ፕሮግራም መስመር ሳይፈልግ በሰዓት ብቻ ቁጥር ስለሚያወጣ ለደጋ አገር የተመቸ ነው፤ ነገር ግን የፕሮግራሙ መጠባበቂያ ቁጥሮችም በዚያው ፖስታ ይታሸጉ። በየወሩ ፋይሉና ቋቱ ለየብቻ ወርዶ በዲስክ ይቀመጥ፤ በዓመት አንድ ጊዜም ከዲስኩ ላይ ገጹን መልሶ መዘርጋት ይሞከር፤ ያልተሞከረ ቅጂ ቅጂ አይባልምና። ሠራተኛ ሲዛወር ወንበርና ጠረጴዛ እንደሚያስረክብ ሁሉ የሰሌዳውን ቁልፍ ያስረክብ፤ ተረካቢውም በዚያው ቀን የይለፍ ቃሉን ይለውጥ።

እነዚህ ሁሉ ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም። የሚጠይቁት ብዕር፣ መዝገብና ሁለት ፊርማ ነው።

መደምደሚያ

ጽሑፋችንን በመቅደላ ጀምረን በመቅደላ እንጨርሳለን። ብሪቲሽ ላይብረሪ በ2018 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት ለሕዝብ ባሳየበት ወቅት፣ ከመቅደላ የተወሰዱትን መጻሕፍት ፎቶግራፍ እያነሣ በድረ ገጹ ላይ በነፃ ማቅረብ ጀምሮ ነበር። አያቶቹ የጻፉትን ብራና ለማየት የደጋው ተማሪ ባሕር መሻገር ሳያስፈልገው በስልኩ መስታወት ሊያገላብጠው ቻለ። ይህም መጽሐፉን እንደ መመለስ ባይቈጠርም፣ ቢያንስ መስኮት ተከፈተ።

ነገር ግን በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. የላይብረሪው የኮምፒዩተር ሥርዓት በሌቦች ተወረረ። የብራናዎቹ ሥዕሎች ከሌላው አገልግሎት ጋር ለረጅም ጊዜ ከእይታ ጠፉ፤ የተመለሱትም ቀስ በቀስ ነው። ላይብረሪው በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ፣ ሌቦቹ ሳይገቡበት አይቀርም የተባለው በር ሁለተኛ ማረጋገጫ ያልነበረው የርቀት መግቢያ ሰርቨር መሆኑን ገለጸ። ታላቅ ሀብት፣ ታላቅ ሕንፃና ብዙ ባለሙያ ባለበት ቤትም ቢሆን ነገሩ የወደቀው በአንድ ቁልፍ አጠባበቅ ላይ ነበር።

የመቅደላ መጻሕፍት በመጀመሪያ ጊዜ ሲጠፉ የደጋው ሰው ሊያድናቸው የሚችልበት ኃይል አልነበረውም። በሁለተኛው ጊዜ ደግሞ ቁልፉ በእጁ አልነበረም። ዛሬ ራሳችን የምንጽፈውና በራሳችን ስም በሰርቨር ላይ የምናኖረው ግን የእኛው ነው፤ ቁልፉም በእጃችን ነው። ይህ መጽሔት ደርሶት ያነበበ ባልደረባ ሁሉ ነገ ጠዋት ወደ ሥራው ሲገባ አንድ ነገር እንዲያደርግ እንለምነዋለን፦ የመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ በማን ስም እንደ ተመዘገበ ይጠይቅ። መልሱን የሚያውቅ ሰው ካላገኘ፣ ሥራው ከዚያ ይጀምራል።